የሾፌሯ ባል መጠበቅ ሲማር

ሾፌሯ ባለ ተረከዝ ጫማ ተጫምታ ወደ ሥራ መውጣት የጀመረችው አማቷ ለዓይን ሕክምና መጥተው እነሱ ዘንድ ካረፉ ወዲህ ነው። ጠዋት ጠዋት ወፍ ሲንጫጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ የባሏ እህት ያዋሰቻትን ቦርሳ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ቋ ቋ እያለች ደረጃውን ትወርዳለች። የአውቶቡስ ዴፖው ጥግ፣ ከጎማ ክምሩ ጀርባ ስትደርስ ያን ጫማ አውልቃ ጠፍጣፋውን ትጫማለች፤ በቀሚሷ ላይም ሰማያዊውን የሥራ ካፖርት ትደርባለች። አብሯት የሚሠራው ትኬት ቆራጭ ይህን ባየ ቁጥር ሳቁን መያዝ አይሆንለትም።

«እመቤቴ፣ ቢሮ ገቡ?» ይላታል ጎንበስ ብሎ።

«ገባሁ። አንተስ ፋይሎቹን ደረደርክ?»

«ፋይሎቹ በር ላይ ተሰልፈው እየተራገሙ ነው። አንዷ ፋይል እንዲያውም ዶሮ ይዛለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው። የሚሠራውም እዚያው ቤቱ ውስጥ፣ መንገዱን ከሚያሳየው መስኮት ሥር፣ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ነው። ሲጋቡ ለእናቱ «ሚስቴ ትራንስፖርት ቢሮ ናት» ብሏቸው ነበር። እናትየው የሚኖሩት ሩቅ አገር ስለሆነ ቃሉን የነካው የነቀነቀው ሳይኖር ዓመታት ዘለቀ። አሁን አንድ ጣሪያ ሥር ሲገቡ ግን ያ ትንሽ ውሸት አፍ አውጥቶ ቀሚስ ልበሺ፣ ቦርሳ ያዢ፣ ከፍ ያለ ጫማ ተጫሚ ማለት ጀመረ።

«ለምንድን ነው እውነቱን የማትነግራቸው?» ብላ ጠይቃዋለች።

«እናቴን አታውቂያትም። ሾፌር ነች ብዬ ከነገርኳት እንቅልፍ አይወስዳትም።»

«ለእኔ አስበው ነው እንቅልፍ የሚያጡት ወይስ አፍረውብኝ?»

ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ መልሶ ገጠመ። ነገር ሲከብደው ልማዱ ይኸው ነው።

እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም። እናቷ በሕይወት ሳሉ «ይህችን ልጅ ወንበር ያቃጥላታል» ይሉ ነበር። ያሳደጋት አጎቷ መካኒክ ስለነበር መኪና መንዳት የተማረችው ከጋራዡ ግቢ ውስጥ ነው። ተጠግኖ ያለቀውን ወደ በሩ፣ የተሰበረውን ወደ ጥላው ታመላልሳለች። ትምህርቷን ስትጨርስ ዘመዶቿ ተረባርበው አንድ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ አደረጓት። እዚያም ዓመቱን ሙሉ የሠራችው ሥራ መስኮቱን ማየት ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር ልቧ ተነሥቶ ተከትሎት ይሄዳል፤ ገላዋ ብቻ ወንበሩ ላይ ይቀራል። በኋላ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ አውጥታ፣ ያን ያህል ሰው በጀርባዋ አዝላ የመጀመሪያውን ዳገት ስትወጣ፣ ልቧ ከሄደበት ተመልሶ ገላዋ ውስጥ ሲገባ ታወቃት።

እየነዳች ታንጎራጉራለች። ዴፖው ውስጥም «አንጎራጓሪዋ» ነው የሚሏት። የምታንጎራጉረው የድሮ ዜማ ነው፤ ግጥሙን ግማሹን ታስታውሳለች፣ ግማሹን ከራሷ ትሞላዋለች።

«መንገዱ ቢረዝም ሸለቆው ቢሰፋ፣
ዓይኔ ደጅ ላይ ቀርቷል አልቆረጥኩም ተስፋ።»

ዘፈን ሁሉ እንዲህ ነው። ወንዱ ይሄዳል፣ ሴቷ ደጅ ቆማ ትቃትታለች። እሷም ስለምትጠብቅ ሴት እያንጎራጎረች ስትሄድ ትውላለች፤ ይህ የማይገጥም ነገር መሆኑን ልብ ብላው አታውቅም ነበር።

ባሏን ያገኘችውም በዚሁ ነው። ከመሪው ጀርባ ያለችውን ወንበር የማይለቅ አንድ ዝምተኛ ተሳፋሪ ነበር። አንድ ቀን ሊወርድ ሲል ወደ እሷ ዘንበል ብሎ፣ «ትናንት የጀመርሽውን ዘፈን ሳትጨርሺው ወረድኩ። መጨረሻው ምንድን ነው?» አላት።

«መጨረሻው የሚሰማው የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ነው» አለችው ለቀልድ። እሱ ግን የምሯን መስሎት ቁጭ አለ። የመጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄደና በእግሩ ተመለሰ።

ያኔ ሲጫጩ የሚያወራው ሁሉ ልብ የሚያሞቅ ነበር። «ጫማዬን የምታወልቅልኝ ሚስት አልፈልግም፤ እጅ አለኝ። የራሷ ሕይወት ያላትን ነው የምፈልገው» ይላል። ቃሉንም አላጠፈም፤ ቤት የሚውለው እሱ ስለሆነ የሚያበስለውም እሱ ነው፣ የሚያጥበውም እሱ ነው። የእናቱ መምጣት ግን ይህንንም በጓዳ በር አስወጣው። ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ሾርባውን ሠርቶ ይተኛል። ከዚያ ሚስቱ ድስቱን ይዛ ትገባለች። እናትየው፣ አንድ ዓይናቸው በፋሻ እንደተሸፈነ፣ ይቀምሱና «እጅሽ ይባረክ ልጄ» ይሏታል። «አሜን» ትላለች እሷ ድስቱን እየከደነች። እሱ ደግሞ በወዲያ በኩል ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

በዚህ መሐል ነው የስምሪት ኃላፊው ቢሮው የጠራት።

«እድሜ ልክሽን ጭስ ስትጠጪ አትኖሪም» አላት። «የስምሪት ክፍሏ ሴትዮ ልትለቅ ነው። ወንበሩ የሚሽከረከር ነው፣ ስልክ አለው፣ መስኮት አለው። መንገዱን ከነአውቶቡሱ ከላይ ሆነሽ ታይዋለሽ። እስከ ዓርብ ቃልሽን ስጪኝ። እሺ ካልሽ መስመርሽን ያ አዲሱ ልጅ ይረከባል፤ ከሰጠሽው በኋላ ግን መልሱልኝ የለም።»

መስኮት ሲል ሰውነቷ ውርር አለ።

ለባሏ ስትነግረው ከወንበሩ ተነሥቶ አቀፋት። «ይኸው! አየሽ? ውሸቴ እንኳ እውነት ሆነ! አሁን እናቴን ምንም የምደብቃት የለኝም።» በሰላሙ ቀን ሳቁን ቆጥቦ የሚስቅ ሰው የዚያን ቀን ቤቱን በሳቅ ሞላው። እሷም ደስታውን ላለማደፍረስ ጥርሷን ብልጭ አደረገች። የማትፈልገው ነገር ሁሉ ሰው የሚመኘው ነገር መሆኑ ግን አስጨነቃት። ምን ብላ እምቢ ትበል?

እሑድ ዕለት የባሏ እህት መጣች። ባንክ ቤት ነው የምትሠራው፤ ስትገባ ሽቶዋ ቀድሟት ይገባል። እናትየው አልጋ ላይ ሲያሸልቡ ሁለቱ ሴቶች ጓዳ ቆመው ተንሾካሾኩ።

«ሰምቻለሁ። ዕልል ነው ያልኩት» አለች እህትየው። «አሁን የዘመኑ ሚስት ሆንሽ።»

«እስከ ዛሬስ የማን ዘመን ሚስት ነበርኩ?»

«አንቺ ደግሞ ነገር መጠምዘዝ! የዛሬ ሚስት ማለት ባሏን ሰው ፊት የምታኮራ ናት። ትማር፣ ትሥራ፣ ትልበስ፣ መኪና ትንዳ ነው የምንለው።»

«እኔ እኮ እነዳለሁ።»

«መኪና ትንዳ ብንል አውቶቡስ አልን?» አለችና ሁለቱም አፋቸውን አፍነው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሾፌሯ የታጠበውን ሰሃን እንደገና ስታጥብ ራሷን አገኘችው። አማቷ የሚፈልጓት ሚስት እቤት የምትቀመጥ ናት። ይህች ደግሞ የምትፈልጋት ቢሮ የምትቀመጥ ናት። ዞሮ ዞሮ ሁለቱም ቁጭ በይ ነው የሚሏት።

ያን ሰሞን እንቅልፍም ዕረፍትም አጣች። ምግብ ላይ ተቀምጣ ትነሣለች፣ ተነሥታ የተነሣችበትን ትረሳለች። መሪውን ስትይዝ ብቻ ቀልቧ ይመለሳል፤ እሱም ቢሆን እንደ ስንብት ነበር። ያ የታወቀ ዳገት፣ ያ መታጠፊያ ላይ ቆሞ እጁን የሚያውለበልብላት ልብስ ሰፊ፣ ዝናብ ሲዘንብ መስተዋቱ ላይ የሚወርደው ውሃ፣ ሁሉም ዓይን ዓይኗን የሚያያት መሰላት።

ሐሙስ ዕለት አማቷ ፋሻው የሚነሣላቸው ቀን ነበር። ሰዓት ሠሪው የአንድ ሆቴል የግድግዳ ሰዓት ሊጠግን ቃል ገብቶ ስለነበር፣ እናትየውም «ሐኪም ቤት ከሴት ጋር ይሻለኛል» ስላሉ፣ እሷ ፈቃድ ጠይቃ ይዛቸው ወጣች። የተሳፈሩት እንደ አጋጣሚ በራሷ አውቶቡስ፣ በራሷ መስመር ነው። መሪውን የያዘው ያ አዲሱ ልጅ ነበር። ትኬት ቆራጩ አይቷት አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኗ ጠቀሰችው፤ ምላሱን ዋጠና ትኬታቸውን ቆርጦ፣ «ይመቻችሁ ወይዛዝርት» ብሎ አለፈ።

ልጁ ገና ነው። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ጀመረውና ሞተሩ ሳለ። «ሁለተኛ፣ ሁለተኛ አስገባ» ብላ በሹክሹክታ አመለጣት። መታጠፊያው ላይ ዘግይቶ ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው በሙሉ ወደፊት ተደፋ። የእሷ ቀኝ እግር ግን ከሱ ቀድሞ ወለሉን ረግጦ ነበር። ከዚያ በኋላ እግሯን ማስቆም አቃታት። ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል። አማቷ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ፋሻ ያልሸፈነውን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው ነበር። እጇን ብቻ ፈልገው ያዙት፤ እስኪወርዱም አልለቀቁትም።

ሐኪሙ ፋሻውን ሲያነሣላቸው ፊት ለፊታቸው ያለችውን ምራታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ቆንጆ ነሽ» አሏት። «ግን ደክመሻል።»

ቤት ሲደርሱ ሰዓት ሠሪው ቀድሟቸው ገብቶ ሻይ አፍልቶ ነበር። እናቱ በሁለት ዓይናቸው ሲያዩት ደስታው ፊቱ ላይ ፈሰሰ። ተቀመጡ። አማቷ ብርጭቆውን በጣታቸው አሽከረከሩ።

«ልጄ» አሉ፣ «ሚስትህ ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ነግሬሽ የለም እንዴ እማዬ? ትራንስፖርት...»

«እንደገና ንገረኝ። ያኔ ስትነግረኝ ዓይኔ ታሞ ነበር።»

«ቢሮ ነው የምትሠራው» አለ። ድምፁ ቀጠነ።

«ዓይኔ ይፍ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። «ይህን መሐላስ ለጊዜው አልምልም፤ ገና አሁን ያሠራሁት ነው። ይህች ልጅ ቢሮ የምትውል ከሆነ ግን እኔም ፓይለት ነኝ።»

ሾፌሯ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እንዴት አወቁ እማማ?»

«እግርሽ ነዋ! አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ምሳ ላይ ተቀምጦ እንኳ ከጠረጴዛው ሥር ፍሬን ይይዛል። ያ ቀኝ እግሩ አልጋ ውስጥም አላረፈም። ዛሬ ያ ልጅ ሲያንገጫግጨን እግርሽ ከጎኔ ወለሉን ሲረግጥ፣ ይህን እግርማ አውቀዋለሁ አልኩ። ከሞተ ስንት ዘመኑ! መጥቶ አጠገቤ የተቀመጠ መሰለኝ።» ሻዩን ፉት አሉ። «ሾርባውንም የሚሠራው ይህ ልጄ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አማስሎ ሲጨርስ ማንኪያውን ድስቱ ጠርዝ ላይ ይመታል። ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልታመመም። እና እባክሽ ያንን ቋ ቋ የሚል ጫማ አርቂልኝ፤ ጠዋት ጠዋት ፈረስ የገባ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።»

ሾፌሯ ሳቋም ዕንባዋም አንድ ላይ መጣባት። አማቷ ግን ጣታቸውን አነሡ።

«አትደሰቺ። ወድጄው አይደለም። በእኛ ጊዜ ሚስት ማለት ቤት የምትገኝ ናት። ባል ይሄዳል፣ ሚስት ትኖራለች። ሲመጣ መብራት በርቶ፣ ድስት ሞቆ፣ ሰው አለ። ቤት ማለት እሱ ነው። እሱ ከሌላችሁ ምን አላችሁ?»

«አለን እኮ እማማ» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ስመጣ መብራቱ በርቷል። ድስቱም ሞቋል። ሰውም አለ።»

አማቷ ዞረው ልጃቸውን አዩት። ገና ዛሬ የተከፈተላቸው ዓይን ነውና አጥብቀው አዩት። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ውይ! ልጄ ሚስት ሆኗል!»

«እማዬ!»

«ምን ላድርግህ? እኔ በማውቀው ቤት እየጠበቀ ድስት የሚያሞቅ ሚስት ነው የሚባለው።»

ቀልድ ነበር። ሰዓት ሠሪው ግን አልሳቀም። ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ መንገዱን እያየ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተናገረ።

«አዎ፣ እጠብቃለሁ። ስቁ። ከመሸ በኋላ ይህ መንገድ ላይ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ሞተር እሰማለሁ። የሷ አይደለም፣ ይኼም የሷ አይደለም እላለሁ። ሲዘንብ ጎማው ሲንሸራተት ይታየኛል። አንቺ እንዳትጨነቂ ነው የዋሸሁት እማዬ፣ እውነት ነው። ትንሽም አፍሬ ነው፣ እሱም እውነት ነው። ዋናው ግን፣ ቢሮ ናት ስልሽ ለራሴም ቢሮ ያለች ይመስለኝ ነበር። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።»

ሾፌሯ ደነገጠች። በር ስትከፍት ሁልጊዜ የምታገኘው አቀርቅሮ፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሰዓት ሲሠራ ነበር።

«ስመጣ ቀና እንኳ አትልም እኮ። ሥራ የያዝክ ነበር የሚመስለኝ።»

«ሥራ መሰለሽ? ያንኑ ሰዓት ፈትቼ ስገጥም ነው የማመሸው። ስትዘገዪ ብሎኑ ይጠፋኛል። ስትገቢ ዓይኔን እንዳታዪው ነው የማቀረቅረው።» ዞር አለ። «ነገ ዓርብ ነው። ቢሮውን ተቀበዪ። ለምኜሽ አላውቅም፤ ዛሬ ለመንኩሽ።»

ሾፌሯ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ውሃውን ከፍታ ቆመች፤ አታጥብም፣ ቆማ ብቻ ነው። ሠርታ የማትጨርሰው ዜማ ሳትፈልገው ከንፈሯ ላይ መጣ።

«እኔ በመንገድ ላይ እሱ ከመስኮት ሥር፣
ማን ግጥም ገጠመ ለዚህ ዓይነት ፍቅር።»

ከወዲያ በኩል የአማቷ ድምፅ ተሰማት። ውሃውን ዘጋች።

«ና ቁጭ በል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አባትህን የምጠብቀው ጉልበቴ ላይ አስቀምጬህ ነበር። ፍርሃቱን ከጡቴ ጋር ጠባኸው። ስማኝ፣ ስትጠብቅ አላወቅህበትም። መጀመሪያ መስኮቱን ልቀቅ።»

«ሥራዬ እዚህ ነው እማዬ፤ ብርሃኑ...»

«እስኪመሽ ሥራበት። ሲመሽ ጀርባህን ስጠው። ሰዓት እየፈታህ ሰው አይጠበቅም፤ የሚጠብቅ ሰው ሰዓት አጠገብ ምን አባቱ ይሠራል? እኔ ምስር ነበር የምለቅመው። ለቅሜ ስጨርስ ካልመጣ ጠጠሩን መልሼ እደባልቀዋለሁ።»

«ትዘፍኚስ ነበር?»

«ምን ቆርጦኝ! ያን ሁሉ የናፍቆት ዘፈን የሚገጥሙት ጠብቀው የማያውቁ ናቸው። የሚጠብቅ ሰው ትንፋሹንም ይቆጥባል። ስትገባ ደግሞ የት ቆየሽ እንዳትላት። የመጣችበትን መንገድ ሁለተኛ አታስነዳት። እርቦሻል? በላት።»

«ካልራባትስ?»

«ይርባታል።»

«ለምን ግን እማዬ?» አለ ሰዓት ሠሪው። «ቢሮ ብትገባ ይህ ሁሉ አይቀርም?»

«አባትህ አንዴ ለኔ ብሎ መኪናውን ተወው። አታስታውሰውም፣ ጨቅላ ነበርክ። ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ጎረቤት ሁሉ ታደልሽ አለኝ። እሱ ግን ደጁ ላይ ይቀመጥና የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ይለያል። ስጠራው ቆይቶ ነው የሚሰማኝ። እራት አብረን እንበላለን፣ እንተኛለን፣ አጠገቤ ነው፣ ግን ናፈቀኝ። ፊቴ ተቀምጦ ናፈቀኝ፣ ገባህ? ከሩቅ ያለ ሰው ሲጠበቅ ይመጣል። እሱ ከየት ይምጣ? ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ሲሄድ ዘፈነ፣ እኔ አለቀስኩ።» ሳል አደረጋቸው። «ደግሞ ያን ሁሉ ዘመን መኪናው ይገለብጠዋል ብዬ ስፈራ ኖሬ፣ ጉንፋን ገደለው። አልጋው ላይ፣ እጄ ውስጥ። ፍርሃቴን የበላሁት በከንቱ ነው።»

«እና ሴት ሾፌር ትሁን ትያለሽ?»

«እኔ እንደዚያ አልኩ? ይህን ነገር ዛሬም ሆዴ አይወደውም። ብትቀር ደስ ይለኛል። ብቻ አንተ አታስቀራት ነው የምለው። ከቀረች ራሷ ትቅር።»

ሾፌሯ የጓዳውን ግድግዳ ተደግፋ ቆየች። ያን ዕለት ማታ ባልና ሚስት ስለ ዓርብ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። እሱ ግን መብራቱ ሲጠፋ እጁን ዘርግቶ ቀኝ እግሯ ላይ አሳረፈው።

በነጋታው የስምሪት ኃላፊው በር ላይ ጠበቃት።

«እህስ፣ አንጎራጓሪዋ? እንኳን ደስ ያለሽ ልበል?»

«መስመሬን አልሰጥም» አለችው።

«ምነው? ሰው ዕድሉን እንዲህ በእግሩ ይገፋል?»

«ምን ላድርግ፣ ቁጭ ስል አላምርም።»

«ባልሽ ያውቃል?»

«ይጠብቀኛል።» ከዚህ በላይ ልትነግረው አልቻለችም። አለቃዋ ራሱን ነቅንቆ፣ «ይቆጭሻል» ብሎ ገባ። ይቆጫትም ይሆናል። ማን ያውቃል?

መሪውን ስትይዝ ክንፍ ያወጣች ያህል እፎይ የምትል መስሏት ነበር። አላለችም። ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ከኋላዋ እንደ ቀጭን ክር ሲጎትታት ዋለ። እስከ ዛሬ መንገዱ የእሷ ብቻ ነበር፤ ለካ ሌላም ሰው በጆሮው አብሯት ሲነዳ ኖሯል። ለካ ዳገቱን ስትወጣ አብሯት የሚወጣ፣ ፍሬን ስትይዝ አብሯት የሚደነግጥ ልብ ነበረ። ይህን ሳታውቅ ያንጎራጎረችው ዜማ ሁሉ አፏን አሳፈራት። ደስ አላት፣ ከበዳት፣ ደግሞ ደስ አላት። የትኛው እንደሆነ ሳትለየው ምሽቱ ደረሰ።

በመጨረሻው ዙር ዝናቡ ወረደ። መንገዱ ተዘጋጋ፤ ከፊቷ ያለው መኪና ሁሉ ቀይ መብራቱን አብርቶ ቆሟል። መጥረጊያው መስተዋቱን ቢጠርግ ቢጠርግ አይጠራም። ይህኔ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ይሆን? ወይስ ምክሩን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ቆሟል? ጣቶቿ መሪው ላይ ይደንሳሉ።

«ዛሬ ምነው ድምፅሽ ጠፋ?» አላት ትኬት ቆራጩ፣ ወደ እሷ ተጠግቶ። «ሰዉ ዘፈን የለም እንዴ እያለ ነው። አንዱማ ትኬቴን መልሱልኝ ብሏል።»

«ሰው እየጠበቀኝ ነው።»

«እና? ትናንትስ አልጠበቀሽም?»

«ጠብቆኛል። አላውቅም ነበር።»

መንገዱ በድንገት ተከፈተ። ከፊቷ ያለው ሁሉ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ሞተሩም ከእግሯ ሥር እየጓጓ ይንቀጠቀጣል።

«ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ማንም ወራጅ የለም» አላት ትኬት ቆራጩ። «የሚሳፈርም አይታየኝም። ብንበር?»

ማርሽ አስገባች። እግሯ ነዳጁ ላይ ከበደ፣ ልቧም ከአውቶቡሱ ቀድሞ ሄደ። ከዚያ በጎን መስተዋቱ ውስጥ፣ ዝናቡን እየሰነጠቀች፣ ከረጢት በራሷ ላይ አድርጋ የምትሮጥ አንዲት ሴት አየች። የት እንደምትሄድ፣ ማን ቤት ሆኖ ጆሮውን አቁሞ እንደሚጠብቃት ማን ያውቃል? ሾፌሯ ከንፈሯን ነከሰች፤ መንገዱንም አየችው፣ ሴትዮዋንም አየቻት።

«በሩን ክፈትላት» አለች፣ ፍሬኑን በቀኝ እግሯ አጥብቃ ይዛ። «ብቻ ቶሎ በላት፣ በሞቴ፣ ቶሎ!»